ጀውሃር ያቆመበት ገጽ

ሸህ ቡሽራ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በአንዲት ጥንታዊ የዕውቀት ከተማ ሠላሳ ዓመት አስተምረዋል። ለከፍተኛው ትምህርት እሳቸው ዘንድ ሊገባ የሚሻ ደረሳ፣ ማለት ተማሪ፣ የፊቅህ፣ የሃይማኖት ሕግ፣ ኪታቡን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ሐፍዞ መምጣት ነበረበት። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነበር።

በእርጅናቸው ዘመን አንድ ጊዜ ለአንድ ደረሳ ብቻ ቦታ ተገኘ። የነጋዴው የሐጂ መንሱር ልጅ ኪታቡን ሳይደናቀፍ ጨረሰ። ቀጥሎ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ጀውሃር ተቀመጠ። ሸሁ ትርጉሙን ሲጠይቁት አስቦ፣ አሳምሮ ይመልሳል። ደክመው የነበሩት ሽማግሌ ቀና አሉ። የኒካሕ፣ የጋብቻ ሕግ፣ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ግን አቆመ።

«ቀጥል እንጂ።»

«ከዚህ ወዲያ አላውቅም፣ ሸሆቼ።»

«ለምን?»

«ኪታብ የለኝም። የተዋስኩት እስከዚህ ነው፤ የቀረውን ምስጥ በልቶታል።»

ከልጃቸው ጎን የተቀመጡት ሐጂ መንሱር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደንቡ ደንብ ነው፣ ሸሆቼ። የኔ ልጅ ጨርሷል።»

ሸሁ ጀውሃር የተቀመጠበትን ምንጣፍ አዩ። በዚያው ምንጣፍ ላይ መሐል ደርሰው ያቆሙ፣ አንገታቸውን ደፍተው የወጡ ደረሶች ትዝ አሏቸው። አንዱንም «ለምን?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። የሠላሳ ዓመት ድካም ባንዴ ተጫናቸው።

የራሳቸውን ኪታብ አንስተው ለጀውሃር ሰጡት። «ሁለታችሁንም ከሁለት ወር በኋላ እፈትናለሁ። እስከዚያ ቦታው ክፍት ነው።»

ሐጂ መንሱር ተቆጥተው ልጃቸውን ወደ ሌላ ሸህ ወሰዱ። ለደረሶቹ ይልኩት የነበረው እህልም ቀረ። ያን ክረምት ደረሶቹ ቆሎ እየቆረጠሙ ተማሩ፤ አንዳንዶቹ አጉረመረሙ። ሸሁም አብረዋቸው ቆረጠሙ።

ጀውሃር በቀኑ መጥቶ ኪታቡን ጨረሰ፤ ገባም። እጃቸውን ሊስም ሲጎነበስ ያዙት።

«አታመስግነኝ። ዕውቀት የምመዝን መስሎኝ ኪታብ ያለውንና የሌለውን ስለይ ኖሬያለሁ። ለመለስኳቸው ዱዓ አድርግ፤ ስማቸውን እንኳ አላውቅም።»

ሰዎች ይህን ሲያወሩ የሸሁን ቸርነት ያነሳሉ። እኔ ግን የምሰማው የተውበታቸውን፣ የንስሐቸውን፣ ድምፅ ነው። ዛሬም በትምህርት ደጅ ላይ ተቀምጠን ስም የምንሰርዝ ብዙ ነን፤ ሚዛናችን ለሁሉም አንድ ስለሆነ ብቻ ዐድል፣ ፍትሕ፣ ያደረግን ይመስለናል። ወንድሞቼ፣ እሳቸው የዘገዩበትን ያን አንድ ጥያቄ እኛ ማንን ጠይቀናል?