የሸክላ ሠሪዋ አቤቱታ

አንዲት ሸክላ ሠሪ ልጇን ትርንጎን ይዛ ወደ አንድ የሕክምና ኮሌጅ ለአቤቱታ ሄደች። ትርንጎ በመግቢያ ፈተናው በፊዚክስ ያመጣችው ስልሳ አንድ ነበር፤ ማለፊያው ግን ሰባ ስለሆነ አልተቀበሏትም።

ዲኑ ዶክተር ዘርጋው እናትየዋን አቤቱታ በሚሰማው ኮሚቴ ፊት ሊያሳፍራት ፈለገ። «እማማ፣ ቁጥር አያዳላም። የእኔ ልጅ በዚሁ ፈተና ዘጠና ሁለት አምጥቶ ገብቷል» አላት።

«እሰይ፣ ይባረክ! ማን አስተማረው?»

ዲኑ ደረቱን ነፋ። «በትምህርት ቤት አንድ፣ ቤት ድረስ የሚመጡ ሁለት፤ ሦስቱም የታወቁ አስተማሪዎች!»

«ለእኛ ወረዳ የፊዚክስ አስተማሪ ተመደበ ከተባለ አራት ዓመት ሆነው፤ ይኸው እስካሁን መንገድ ላይ ነው። ልጄ መጽሐፍ ተውሳ ብቻዋን አጠናች።»

«እሱን ፈተናው አይጠይቅም!»

ሴትዮዋ በትሕትና እጅ ነሣች። «እውነት ነው ጌታዬ። እንግዲያው ዘጠና ሁለቱን ልጅዎና ሦስቱ አስተማሪዎቹ ሲካፈሉት፣ ለያንዳንዳቸው ሃያ ሦስት ይደርሳቸዋል።»

ኮሚቴው በሳቅ ፈነዳ። ሰብሳቢው የትርንጎን ማመልከቻ እንደገና ሊያየው ውድቅ ከተደረጉት መሐል አወጣው። ሴትዮዋ ግን ገና አልጨረሰችም።

«ምነው መጀመሪያውኑ ‹አስጠኚ ያለው ይመዝገብ› ብላችሁ በለጠፋችሁ፤ እኛም ይህን ሁሉ መንገድ ባልደከምን!»