ደንባችን የሚጀምረው ከሞት ነው

አንዲት ሴት ከጅዳ ተመለሰች። ስሟን አልነግራችሁም፤ በየሰፈራችሁ አለችና። አሥራ አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣ ከአስም ጋር ወንድሟ ቤት ገባች። ሻንጣዋ ውስጥ ያለው መድኃኒት ለአንድ ወር ይበቃል። ከዚያ በኋላስ?

«የጤና መድን አውጪ» አሏት። ቀበሌ ሄደች።

«ምዝገባው አልፏል፤ ጥር ላይ ነይ።»

ወሩ ሐምሌ ነው! «እስከዚያ የሚያቆየኝ ጊዜያዊ ነገር የለም?» የለም። መድን ድርጅት ሄደች። «የጉዞ መድን አለን፤ ግን ለሚሄድ ሰው ነው። አንቺ ደርሰሻል» አሏት። ኧረ ወገኖቼ! አገሯ መግባቷ ጥፋት ሆነ?

ቆዩ፣ ዋናው ገና ነው። ወንድሟ ፈለቀ የቤተሰብ የጤና መድን አለው። ሚስቱ ተመዝግባለች፣ ልጆቹ ተመዝግበዋል። እሷ የለችም።

«ሩቅ ነሽ ብዬ ተውኩሽ» አላት። «ግን አይዞሽ፣ ዕድርሽን አንድ ወር አላቋረጥኩም።»

ሰማችሁ? ለመታከም ሩቅ ነበረች፤ ለመቀበር ግን ቅርብ!

የዕድሩ ዳኛ ጋ ሄደች። «ጋሽ ሽብሩ፣ ለቀብሬ ከምታወጡት ላይ አሁን ለመድኃኒት ብትሰጡኝስ?»

ጋሽ ሽብሩ ክፉ ሰው አይደሉም። አዘኑ። መነጽራቸውን አድርገው መተዳደሪያ ደንቡን ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «ልጄ፣ ደንባችን የሚጀምረው ከሞት ነው» አሏት።

መድኃኒቱ አለቀ። አንድ ብርዳም ጠዋት ትንፋሽ አጥሯት ደጃፍ ላይ ወደቀች። ፈለቀ ባጃጅ ላይ ጭኗት ወደ ጤና ጣቢያ በረረ። አንዷ ጎረቤት «ወይኔ፣ ሞተች!» ብላ ጮኸች። ጥሩምባ ተነፋ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ? ድንኳኑ ወዲያው ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። «ጥር ላይ ኑ» ያለ አንድ ሰው የለም!

ሐኪሞቹ ኦክስጅን ሰጥተው አተረፏት። ከሰዓት በኋላ በዚያው ባጃጅ ስትመለስ ድንኳኑን አየች።

«ማን ሞተ?» አለች።

ጋሽ ሽብሩ አቀረቀሩ። እሷ ግን አልተቆጣችም። የተቀመጠውን ሕዝብ ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «ይሄ ሁሉ ሰው ነበረኝ እንዴ?» አለች።

እኔን ያቃጠለኝ ይህ ጥያቄ ነው። እንባማ መቼ አጥተን እናውቃለን? ለሬሳ ከሥራ አስፈቅዳችሁ ትሮጣላችሁ። ለታመመው ግን «ሰሞኑን ብቅ እላለሁ» ትላላችሁ። ሰሞኑን መቼ ነው? ጥር ነው?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ከአጥራችሁ ማዶ የሚያስለውን ስሙት። ከስደት የተመለሰውን፣ ወረቀቱ ያልተሟላለትን፣ ወሩ ያለፈበትን ሰው ደጁን አንኳኩለት። ጥሩምባ አትጠብቁ።

ነገ እግዚአብሔር «ታማ ሳለች የት ነበራችሁ?» ብሎ ሲጠይቀን ምን ልንለው ነው? «ጌታ ሆይ፣ ደንባችን የሚጀምረው ከሞት ነው» እንበለው?