የሚያቃጥለው ማር

«ንብ የሚያረባ አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ወንድይፍራው፣ የተጠየቁትን ሳይመልሱ።

ኪሩቤል ተናደደ። የመጣው ተረት ሊሰማ አልነበረም። የአንደኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነው፤ ለሲ ፕሮግራሚንግ ኮርስ ድልድይ ላይ የቆሙ መኪኖችን ክብደት የሚደምር ፕሮግራም ጽፎ ነበር። መኪኖቹን አስገብቶ ድምሩን ሲጠይቅ ላፕቶፑ ከዜሮ በታች የወረደ አስፈሪ ቁጥር አወጣለት። መስመር በመስመር ቢያየው ስህተት አጣበት። ያንኑ ፕሮግራም ጓደኛው ያብፀጋ በራሱ ላፕቶፕ ሲያስኬደው ግን ድምሩ ልክ መጣ። ያብፀጋ ደግሞ ሳቀ። ኪሩቤል እሱን ጠርጥሮ የይለፍ ቃሉን ቀየረ፣ ሁሉንም እንደገና ጻፈው፤ ያው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያብፀጋ ባለፈ ቁጥር ስክሪኑን ይሸፍንበታል። ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሥራዬን የምታበላሸው አንተ ነህ» አለው። አሁን ይህንን ሁሉ ለመምህሩ ነግሮ «የሰው ሥራ የሚያበላሽ ተማሪ ከኮርሱ ይባረራል?» ብሎ ጠይቋል።

«ሰውየው» ቀጠሉ መምህሩ፣ «ቀፎዎቹን የያዘው ከጎረቤቱ ጋር በሽርክና ነበር። አንድ ዓመት ማሩ በዛለትና ከገበያ ትልቅ ማሰሮ ገዛ። ሻጯ ምን ይቀመጥበት እንደነበረ አልነገረችውም፣ እሱም አልጠየቃትም። አንገቱ ጠባብ፣ ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ባዶ መሰለው። ማሩን ገለበጠበት። ከቀናት በኋላ ቢቀምሰው ጉሮሮውን ለበለበው። እሳት!

«ወዲያው የጎረቤቱ ፊት መጣበት። ሄዶ የጎረቤቱን ማር ቀመሰ፤ ይጣፍጣል። ከአንድ ቀፎ የወጣ ማር የሱ ጣፍጦ የኔ እንዴት ያቃጥላል? ነገሩ ግልጽ ሆነለት።»

ኪሩቤል ሳያስበው ራሱን ነቀነቀ።

«ጎረቤቱን በሽማግሌ ፊት ከሰሰው፤ ሽርክናውም ፈረሰ። ማሩን ደፍቶ አዲስ ቆረጠ። ማሰሮውን ጓዳ አስገብቶ ቆለፈበት፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አሰረ። ከቀናት በኋላ ቀመሰ። አሁንም እሳት። ጎረቤቱ እዚያ ሊገባ አይችልም፤ ስለዚህ ሚስቱን ጠረጠረ።»

«ሚስቱን?»

«ሚስቱን! እሷ ግን ተቆጥታ ማሰሮውን አወጣችና ማሩን ደጅ ላይ ደፋችው። ዓይኑ እያየ ንጹሕ ውሃ አድርጋበት ናጠችው፤ በጣሳ ቀድታም ‹ጠጣ› አለችው። ጠጣ። ትን አለው፤ እንባው ወረደ። ‹እስቲ አሁን ማን ነሰነሰብህ? ከኔና ካንተ በቀር ማን አለ?› አለችው። ለካ ማሰሮው የሚጥሚጣ ነጋዴ ዕቃ ኖሯል። ሸክላው እስከ ልቡ ጠጥቶታል።»

«ጎረቤቱስ?» አለ ኪሩቤል።

«ሰውየው ይቅርታ ጠየቀው፤ ጎረቤቱም ይቅር አለው። ቀፎ ግን ዳግመኛ አብሮት አልያዘም።»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት።

«ያ ሰው አንተ ነህ። ድምሩን የማስቀምጥበት ቦታ ስጠኝ ብለህ ኮምፒውተሩን ጠየቅኸው፣ ሰጠህ። ባዶ ነው ያለህ ግን ማነው? ካንተ በፊት የነበረው ሥራ የተወው ቁጥር እዚያው ተቀምጧል፤ አንተ በላዩ ደመርክበት። ያብፀጋም ቢሆን አላጠበም። ድምሩ ልክ የመጣለት ቦታው ንጹሕ ሆኖ ስለተገኘለት ነው፤ ነገ እሱንም ያቃጥለዋል። በል፣ ማሩን ሳትጨምር ውሃውን ቅመስ። አንድም መኪና ሳታስገባ ድምሩን አሳየኝ በለው።»

ኪሩቤል ላፕቶፑን እዚያው ከፈተና እንደተባለው አደረገ። ድልድዩ ላይ አንድ መኪና የለም። ያ ከዜሮ በታች የወረደ ቁጥር ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቀው ነበር።

«መጀመሪያ ዜሮ ማድረግ ነበረብኝ» አለ፤ ድምፁ በጭንቅ እየተሰማ።

«እሱ ቀላል ነው፤ ማሰሮህ በአንድ መስመር ይታጠባል» አሉ መምህሩ። «ዛሬ ጠዋት ሰው ፊት ያልከው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ አይመስለኝም። ተነሥ ልጄ፣ ያብፀጋ ቀፎውን ሳይለይ ድረስበት።»