በሸክም የሚሄደው ቤት

ዕድሜዬ ገፍቷልና በቀኑና በሰዉ ቁጥር ልሳሳት እችላለሁ፤ ንግግሩን ግን በደንብ አስታውሳለሁ።

ጎንደርንና ላሊበላን ጎብኝተን ወደ ደቡብ ስንወርድ ከቡድናችን ጋር አንድ ባለሥልጣን ነበሩ። ዶርዜ ስንደርስ አስጎብኚው ከቀርከሃ የተሠራ ረጅም ቤት አሳየንና፣ «ይህ ቤት ሳይፈርስ በሰው ሸክም ከቦታ ቦታ ይሄዳል» አለን።

ባለሥልጣኑ የሚያዩት ግን ከቤቱ ጀርባ ቁልቁል የተኛውን ሐይቅ ነበር። ባለቤቲቱን አስጠሩ። ባሏ የሞተባት፣ ከጓሮዋ እንሰት በቀር መተዳደሪያ የሌላት ሴት ናት።

«አንቺ፣ ቤትሽ ሐይቁን ጋርዶታል» አሏት። «እዚህ የእንግዳ ማረፊያ ይሠራል። የሚሄድ ቤት ከሆነ ዛሬውኑ ይሂድ።»

እኔ ፈርቼላት መሬት መሬቱን አየሁ። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ፣

«ይሄዳል ጌታዬ» አለች። «አርባ ሰው ይበቃዋል። እኔ ብፈልግ ለቅሶ የደረስኩላቸውን እጠራ ነበር፤ ይመጣሉ። ዛሬ ግን እንዲሄድ የፈለጉት እርስዎ ነዎት። እስቲ እርስዎም ለቅሶ የደረሱላቸውን ይጥሩ።»

ባለሥልጣኑ ወደ እኛ ዞሩ። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ጎማ ማየት ጀመረ። እኔም መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ የሁለቱን ወሬ የሰማሁት አምና በጥምቀት ማግስት ነው። ቤቱን ምስጥ ከሥሩ ትንሽ በልቶ አሳጥሮታል እንጂ እዚያው ቆሟል አሉ። ባለሥልጣኑ ግን ወደ ሌላ ከተማ ተዛውረው ነበር፤ ዕቃቸውን የጫኑላቸውም የቀን ሠራተኞች ናቸው።