የአዲሱ ፎርማን ባሬላ

ዘርጋው እስካለፈው ሳምንት ድረስ በግንባታው ግቢ ውስጥ እንደማንም ባሬላ ተሸካሚ ነበር። ፎርማን ሆኖ በተሾመ ማግስት የአዲስ አለቆች ስልጠና ተልኮ፣ አንገቱ አልዞር ብሎ ተመለሰ። ሠራተኛውን ሰበሰበና፣

«መሪ ማለት ከፊት የሚሄድ ነው! ሌላው ይከተላል፣ አለቀ!» አለ።

እስኪሾም ድረስ የባሬላውን ሌላ ጫፍ ትይዝለት የነበረች አንዲት ምላሰኛ ሴት፣ «ከኋላ ስላለውስ ምን አስተማሩዎት?» ብላ ጠየቀችው።

ሰዉ ሳቀ። የዘርጋው ደም ፈላ።

«ከኋላ ያለ ምንም አያመጣም! ነይ አሳይሻለሁ» ብሎ ድንጋይ የሞላውን ባሬላ ከፊት ጨበጠ። «አንቺ ከኋላ ያዢ። ፎቁ ጋ እስክንደርስ ትንፍሽ ብትዪ ዛሬውኑ ከሥራ ትባረሪያለሽ!»

ሴትዮዋ ዝም ብላ ያዘች። ዘርጋው ደረቱን ነፍቶ፣ ግራ ቀኙን እያየ መራ። ግቢው መሃል ሲደርሱ ግን ሴትዮዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ዘርጋው ሳበ፤ ባሬላው አልነቃነቅ አለ። ደግሞ ሳበ፤ ላብ በላብ ሆነ። እንዳይለቀው ድንጋዩ እግሩ ላይ ሊወርድበት ነው። ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያየዋል።

«ምን ሆነሽ ነው? ተናገሪ እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

«ተናገሪ ካሉኝማ» አለች ሴትዮዋ፣ «ከኋላ ያለ ምንም አያመጣም ብለው የለ? ይምሩ እንጂ አለቃዬ፣ ማን ያዘዎት?»