ቆቅ አቤት ማለት የተወችበት ቀን

«ያልጠራሽው ሰው ፊትሽ ቆሞ ሲጮህ፣ አቤት ከማለትሽ በፊት ከጀርባው ምን እንደጋረደ እዪ።»

አባቴ ይህን ያለኝ ልጅ ሳለሁ ነው፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ባለችው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠን። አባቴ ወንድይፍራው የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበር። ከሰዓት በኋላ ተማሪው ሲበተን፣ እሱ የመጨረሻውን መምህር ይጠብቃል፤ እኔና ሁለት ሦስት የሰፈር ልጆች ደግሞ እሱን እንጠብቃለን። ካፖርቱ የጠመኔ ብናኝ ይሸት ነበር። ጉሮሮውን ጠርጎ «ተረት ተረት» ሲለን፣ እኛ «በሩን ክፈት» እንለዋለን። ሌላ ሰፈር እንዲህ አይባልም፤ የዘበኛ ተረት ስለሆነ ነው። እኔ ያን ትምህርት ቤት ከሰባተኛ ክፍል ነው የተውኩት፤ ተረቱ ግን አብሮኝ ወጣ።

ባለፈው ሳምንት ልጄን ትርሲትን አተኮሳት። ምን እንደማደርግላት ለማየት ስልኬን ከፈትኩ። ከመልሱ ሁለት መስመር እንዳነበብኩ አንድ ነገር ዘሎ ሸፈነው፤ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ሽልማት ደርሶሻል ይላል። እሱን ሳባርር ሌላው መጣ፤ ስልክሽ ተበክሏል ይላል። ሦስተኛው ምን እንደሚል እንኳን አልገባኝም፤ ብልጭ ድርግም ብቻ ነው። ያኔ አባቴ ትዝ አለኝ። እናንተም በሩን ክፈቱልኝና ተረቱን እሱ ባወራው መንገድ ላውራው።

ድሮ፣ እንስሳት የሰው ደጅ ሲደርሱ ውጭ ቆመው «ቤቶች» በሚሉበት ዘመን፣ አንዲት ቆቅ ነበረች። እንደሷ ጨዋ አልነበረም። የጠራትን ሁሉ አቤት ትላለች። ነፋስ ቅጠል ሲያንኮሻኩሽ አቤት፣ ድንጋይ ሲንከባለል አቤት፣ የማያውቃት መንገደኛ ሲያስነጥስ እንኳን አቤት። ጎረቤቶቿም አስተዳደጓን ያመሰግኑ ነበር።

ይህች ቆቅ አንዲት ጫጩት ነበረቻት። አንድ ቀን እርሻ ውስጥ ሲለቅሙ የገብስ ጢም ጫጩቷ ጉሮሮ ውስጥ ተሰነቀረ። ውሃ አልወርድ አላት፤ ድምጿም እየቀጠነ ሄደ። ሁሉም ወደ ዋርካው ሂጂ አሏት። ዋርካው ያረጀ ነው፤ የወፉን ሁሉ ወሬ ሲሰማ ስለኖረ የማያውቀው የለም። ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል። ችግሩ ድምፁ ዝግ ያለ መሆኑ ነው፤ ጀምበር ስትጠልቅ ደግሞ ይተኛል። ጫጩቷም እስከ ነገ የምትቆይ አትመስልም።

ቆቅ ልጇን ዋርካው አጠገብ ካለ ክትክታ ሥር አስተኛቻትና ችግሯን ተናገረች። ዋርካው ቀስ ብሎ «የገብስ ጢም ከሆነ» ብሎ ሲጀምር፣ ጦጣ ከቅርንጫፍ ዘሎ መሃላቸው ዱብ አለ።

«ቆቅ ሆይ» አለ።

«አቤት» አለች።

«እንኳን ደስ ያለሽ። በዚህ ዛፍ ሥር ካለፉት ሁሉ ሺህኛዋ አንቺ ነሽ፤ አንድ ጎተራ ማሽላ ደርሶሻል።»

እሷም ልጅ ታሞብኝ ነው የመጣሁት አለችው። ጦጣ ጎተራው እዚሁ ነው፣ ደርሰሽ ትመለሻለሽ አላት። እምቢ ማለት ነውር መስሏት ተከተለችው። ጎተራው ታች ቀዳዳ፣ ላይ ቀዳዳ፤ ውስጡ አንድ ገለባ አለ። ጦጣም አስቀድሞ ለበር መክፈቻ ነው ብሎ የተቀበላትን፣ ለልጇ ቋጥራ የያዘችውን ፍሬ ይዞ ዛፍ ላይ ወጣ። ስትመለስ ዋርካው ተናግሮ ጨርሷል።

ይቅርታ ጠይቃ እንደገና ለመነችው። ዋርካው «የገብስ ጢም ከሆነ» ሲል፣ እስስት ተንፏቃ ፊቷ ቆመች።

«ቆቅ ሆይ።»

«አቤት።»

እስስት መጀመሪያ ቢጫ ሆነች፣ ቀጥላ ቀይ ሆነች። ላባሽን ቅንቅን ወርሶታል፣ አሁኑኑ ካልተነቀለ ነገ ራቁትሽን ነሽ አለቻት። እኔ አንጀቴ አልችል ብሎ ነው እንጂ ምን አገባኝ፣ ብላም ጨመረች። ቆቅ ደንግጣ ጀርባዋን ሰጠቻት። እስስት እየነቀለች «ይኸው አንድ፣ ይኸው ሌላ» ትላለች፤ ቅንቅን ግን አንድም አልታየም። ላባ ያልፈጠረባት እስስት የቆቅን ላባ ለብሳ ሄደች። ዋርካው አሁንም ተናግሮ ጨርሷል። ጀምበርም ዝቅ ብላለች።

ለሦስተኛ ጊዜ ለመነችው። ዋርካው አልሰለቸም። አፉን ሲከፍት ግን ከዳገቱ አንድ ከበሮ እየተንከባለለ መጥቶ መሃላቸው ተገተረና ራሱን በራሱ ይደልቅ ጀመር። ቆቅ እባክህ ዝም በልልኝ አለችው።

«እኔ ክፉ አይደለሁም» አለ ከበሮ። «ዝም እንድል ከፈለግሽ ጎኔ ላይ ያለችውን ጠፍር ሳቢ።»

ሳበች። ከሆዱ ሌላ ከበሮ ወጣ። እሱም የኔንም ጠፍር ሳቢ አላት፤ ሳበች። ሦስተኛ ወጣ። ሦስቱም «ቆቅ፣ ቆቅ፣ ቆቅ» እያሉ ይደልቃሉ፤ እሷም አቤት፣ አቤት፣ አቤት ትላለች። ጀምበር የጋራው አንገት ላይ ደረሰች።

በሁለት ምት መሃል አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማች። «እማ» ይላል። ከክትክታው ሥር ነው። ልጇ ስትጠራት ቆይታለች፤ ስንት ጊዜ እንደጠራቻት አታውቅም። አቤት ስትል የዋለችው ለከበሮ ነው።

ያን ጊዜ አቤቷ አፏ ውስጥ ደረቀ። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። ዝም ስትልም ማየት ጀመረች። ጦጣ የቆመው ዋርካው ፊት ነበር። እስስትም እዚያው። ከበሮውም እዚያው። ይህ ሁሉ ሜዳ እያለ አንዱም ሌላ ቦታ አልቆመም፤ ዋርካው አፉን ሳይከፍትም አንዱም አልመጣም።

«ቆቅ፣ ደንቁረሻል እንዴ?» አለ ትልቁ ከበሮ።

ዝም አለች።

«ሲጠሯት የማትመልስ። አሳዳጊ የበደላት።»

ይህ አንጀቷ ገባ፤ በአስተዳደጓ ተሰድባ አታውቅም። ቢሆንም አልመለሰችም። ደረቷን መሬት ላይ ለጥፋ ጥጉን አየች። ከበሮ ክብ ነው፤ ክብ ነገር መሬቱን ሁሉ አይሸፍንም። ከታች በአንዱ ጠርዝ፣ ለቆቅ አንገት ብቻ የምትበቃ ትንሽ ክፍተት አለች። አንገቷን በዚያ አሾልካ ጆሮዋን የዋርካው ሥር ላይ አደረገች።

«የገብስ ጢም ከሆነ» አለ ዋርካው፣ «የተልባ ውሃ ስጫት፤ ያንሸራትተዋል። ሦስቴም ይህንኑ ነው የነገርኩሽ።»

ተልባው ማዶ ነበር። ፍሬውን በአፏ ለቅማ፣ ወንዝ ዳር ነክራ፣ ሙልጭልጭ ያለውን ውሃ በልጇ ጉሮሮ አንቆረቆረች። አንድ ጊዜ ዋጠች፣ ሁለት ጊዜ ዋጠች፤ በሦስተኛው የገብሱ ጢም ተንሸራቶ ወረደ።

«እማ» አለች ጫጩቷ።

«አቤት» አለች ቆቅ። ጀምበርም ጠለቀች።

ከበሮዎቹ የሚመልስላቸው ሲያጡ ቆዳቸው ላልቶ ዝም አሉ። ቆቅም ከዚያ ቀን ወዲህ ሲጠሯት አትመልስም፤ ሣር ውስጥ ዝቅ ብላ መጀመሪያ ታያለች። ንቁ ሰው ቆቅ የተባለው በሷ ነው። አባቴ እዚህ ሲደርስ ጣቱን አንሥቶ፣

«ለጠራት ሁሉ አቤት ያለች፣
ልጇ ስትጠራት ድምፅ አጣች» ይለን ነበር።

ቀጥሎ «ተረቴን ጨረስኩ» ይልና ይነሳል። እኛ አብረን «በሩን መለስኩ» እንላለን፤ ያ የብረት በር ሲጢጥ ሲል ይሰማል፤ ወደ ቤት እንሄዳለን። በሩ አሁን ተቀይሯል ይላሉ። የዚያኛው ድምፅ ግን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ስልኬ ላይ፣ መሃል «ዝጋ» የሚል ትልቅ ነገር ይብለጨለጭ ነበር። እሱን አልነካሁም። ጥጉን አየሁ። የጤፍ ቅንጣት የምታህል፣ ደብዘዝ ያለች ምልክት አገኘሁ፤ ጣቴን በቀስታ አሳረፍኩባት። ሽፋኑ ተነሳና መልሱ ታየ፤ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ጨርቁን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ስነክር ትርሲት ከአልጋዋ «እማዬ» አለች።

ስልኩን በግንባሩ ደፋሁትና፣ አቤት አልኳት።