የጽጌ ፊት ግድግዳው ላይ

በአንድ ወቅት፣ ዘመኑም ገና ብዙ ሳይርቅ፣ ድሬዳዋ ለገሃሬ ሰፈር የሚኖሩ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ መበለት ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ትልቋ የውብዳር እቤት ልብስ ትሰፋለች፤ መካከለኛው ምንተስኖት ባጃጅ ይነዳል፤ የመጨረሻዋ ጽጌ ቤይሩት ሰው ቤት ልትሠራ ከሄደች ሰባት ዓመት አልፏታል። ጽጌ እሁድ እሁድ ከሰዓት በስልክ በምስል ትደውላለች። እናትየው ግን ዓይናቸው ስለደከመ ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ ያስጠጉና፣ «ድምጿ አለ፤ ፊቷ ግን ጭጋግ ነው» ብለው ይመልሱታል።

ይህ ምንተስኖትን ያንገበግበው ነበር። ዕቁብ የደረሰው ቀን በቀጥታ እህቱ ዘንድ መጣ።

«የውቤ፣ ኢንተርኔት ያለው ትልቅ ቴሌቪዥን ልገዛ ነው። ጽጌ ስትደውል ግድግዳውን ሞልታ እማዬ ታያታለች» አላት።

የየውብዳር እግር የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ቀጥ አለ።

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«መብራቱ ይጠፋል፣ ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል...»

«ሲመጣ ታያታለቻ!»

«ምንተስኖት፣ በእናትህ፣ ይቅርብን።»

እውነቱ ሌላ ነበር። ከአራት ወር በፊት ጽጌ ለብቻዋ ደውላላት፣ ጡቷ ላይ ያበጠው ነገር ክፉው በሽታ መሆኑን፣ ሐኪሞቹም ዘግይተሻል እንዳሏት ነግራታለች። «እማዬ እንዳትሰማ። ምንተስኖትም ሆዱ አይችልም፤ እንዳትነግሪው። በአባታችን አጥንት ይዤሻለሁ» ብላ አስምላታለች። ከዚያ ወዲህ የውብዳር ደንበኞቿን እየለካች ዕንባዋን ስትውጥ ትውላለች። በትንሿ ስልክ የተሸሸገው በትልቁ ቴሌቪዥን እንደሚገለጥ ገብቷታል።

ወንድሟ ግን ቅናት መሰለው። «እማዬን የምትጦሪው አንቺ ነሽ፤ እሷ ግን የምትናፍቀው ጽጌን ነው። እሱ ነው የሚያምሽ» አላት። የውብዳር አንገቷን ደፍታ ስፌቷን ቀጠለች። መልስ ብትሰጥ መሐላው ይፈርሳል።

በሦስተኛው ቀን ምንተስኖት ቴሌቪዥኑን ባጃጁ ላይ ጭኖ መጣ። ወይዘሮ አስካለ ካርቶኑን እየዳበሱ፣ «ልጄን ልታመጣልኝ ነው?» ብለው አለቀሱ። የውብዳር ጓሮ ወጥታ ቤይሩት ደወለች።

«ገዛው፣ ጽጌዬ። ምን ላድርግ? ተበላሽቷል ልበል?»

«እማዬ ልታየኝ ነው ማለት ነው?» አለች ጽጌ። ቀጥላም፣ «ተይው፤ ምንም አትበይ። እሁድ እመጣለሁ» አለቻት።

እሁድም መጣች። ጓደኛዋ ኩላት፣ ቀለም ቀብታት፣ ዊግ አድርጋላት፣ ጽጌ ግድግዳውን ሞላች። «አምሮባታል!» ብሎ ምንተስኖት አጨበጨበ። ወይዘሮ አስካለ ወንበራቸውን አስጠግተው ልጃቸውን ከግንባሯ ጀምረው ቀስ እያሉ አዩዋት። ሳቁ፤ መረቁ። ጽጌም ሳቀች። ፀጉሯን ወደ ኋላ ለመመለስ እጇን ስታነሳ ግን፣ ቀለበቷ ከከሳው ጣቷ እንዳይወልቅ ክር ተጠምጥሞበት ታየ።

ጥሪው አልቆ ምንተስኖት ወደ ሥራው ሲወጣ፣ እናት ዓይናቸውን ከግድግዳው ሳይነቅሉ፣ «የውብዳር፣ ከታመመች ስንት ጊዜ ሆናት?» አሉ።

የውብዳር እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ሁሉንም ነገረቻቸው።

«እንዳወቅሁ አትንገሪያት» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ለእኔ ብላ እንዲህ ለፍታ፣ ድካሟን ከንቱ አላደርግባትም። ለወንድምሽም አትንገሪ፤ ፊቱ ያጋልጠናል።»

ከዚያ በኋላ ስድስት እሁድ እናትና ልጅ ተያዩ። ጽጌ ደህና ነኝ ትላለች፤ እናት ተመስገን ይላሉ። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ ያወራሉ፤ ምንተስኖት በመሃል እየገባ ይቀልዳል። ሲዘጋ ወይዘሮ አስካለ ምግብ አይቀምሱም። የውብዳር እናቷ ዓይኗ ሥር ሲያልቁ ታያለች፤ እህቷም ከሳምንት ሳምንት ስታንስ ታያለች።

በሰባተኛው እሁድ ጽጌ አልደወለችም። ማክሰኞ ንጋት ላይ ሽማግሌዎች ለመርዶ ሲመጡ፣ ወይዘሮ አስካለን ጥቁር ለብሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። እሪ ብሎ መሬት የወደቀው ምንተስኖት ነው። መርዶው ለእሱ ብቻ ነበር።

እናቱና እህቱ ቀድመው ማወቃቸውን ምንተስኖት ሲሰማ፣ ሐዘኑ ሳይበርድ ወንድምና እህት ተኳረፉ። አርባው ካለፈ በኋላ እነዚያው ሽማግሌዎች ሊያስታርቋቸው ተቀመጡ።

ምንተስኖት፣ «እህቴ እየሞተች እኔ እቀልድ ነበር። ሳልሰናበታት አስቀሩኝ። ቴሌቪዥኑን ባላመጣ ደግሞ እማዬ ፊቷን ሳታይ ትለያት ነበር። እኔ ነኝ የተበደልኩት» አለ።

የውብዳር፣ «መሐላ ነበረብኝ። ይቅርብን ብዬ ለመንኩህ፤ ቀናተኛ አደረግኸኝ። እማዬ ሳትሰማ ብትቆይ ኖሮ እነዚያን እሁዶች ባልተቃጠለች። እኔ ነኝ የተበደልኩት» አለች።

ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አነሡ። «እኔስ?» አሉ። «አውቄ ዝም አልኩ። ልጄ ሕመሟን ብቻዋን የተሸከመች እየመሰላት ሄደች። አብሬያት ባለቅስ ይሻላት ነበር ይሆን? ለእሱም ለልጄ እንዳይነገር ያልኩ እኔ ነኝ። የበደልኩት እኔ እሆን?»

አንዱ ሽማግሌ መሐላ ይከበራል አሉ። ሌላው ከወንድም የሚያስደብቅ መሐላ መሐላ አይደለም ብለው ተቆጡ። ሦስተኛው ጥፋተኛዋ ያስማለችው ናት ሊሉ ጀመሩና፣ «የሞተ አይወቀስም» ብለው ተዉት። ፀሐይ ከረረች፤ ሳይፈርዱ ተነሡ።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፦ ከእናት፣ ከወንድምና ከእህት ማን ቀድሞ ተነሥቶ ማንን ይቅር በለኝ ይበል?